ሽመላዎቹ ያላረፉበት ኅዳር

አቶ አንለይ ከወረታ በስተምዕራብ፣ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ ተወልደው ያደጉ ገበሬ ናቸው። ከቤታቸው በታች ከክረምት እስከ ክረምት ውኃ የማይለየው ረግረግ ነበር። ኅዳር ሲገባ ሽመላዎች ከሰሜን መጥተው ያድሩበታል፤ መጋቢት ሲያልቅ ይሄዳሉ።

አንድ ዓመት አገኘሁሽ የምትባል መምህርት ወፍ ልትቆጥር ከባሕር ዳር መጣችና መንገድ እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት፣ አቶ አንለይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከረግረጉ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ተቀምጠው የሚያርፉትን ሽመላዎች ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩን በስልክ ይነግሯታል። ጫጩታቸውን መሀል አድርገው የሚወርዱ ጥንዶች ሲያዩ ለባለቤታቸው ለይታይሽ «ዘንድሮም ልጅ ይዘው መጡ» ይሏታል፣ የዘመድ ወሬ እንደሚያወራ ሰው።

የመጨረሻ ልጃቸው ሰውመሆን ያገባው መሬት ሳይኖረው ነው። የአባቱ ማሳ ለታላላቆቹ ተከፋፍሎ አልቋል። አምና ሽመላዎቹ በሄዱ በሳምንቱ አባቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«አባ፣ ውኃውን ወደ ርብ ወንዝ ብናፈሰው ሩዝ ይበቅልበታል። ጎረቤቶቻችን የየራሳቸውን ረግረግ አድርቀዋል።»

«ወፎቹስ?»

«እነሱ ክንፍ አላቸው። እኔ ወዴት ልሂድ?»

በማግስቱ አቶ አንለይ ዶማቸውን ይዘው ከልጃቸው ቀድመው ወረዱ። አምስት ቀን ሙሉ አብረው ቦይ ቆፈሩ። ውኃው መፍሰስ ሲጀምር ሰውመሆን ሳቀ፤ እሳቸው ግን ጭቃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ቤት ገብተው ተኙ። ይታይሽ ምን እንደሆኑ ብትጠይቃቸው «ደክሞኝ ነው» አሉ።

ሩዙ ያዘ። ታጨደ። ሽመላዎቹም በቀናቸው መጡ።

አቶ አንለይ ድምፃቸውን የሰሙት ገና ሳይታዩ ነው። ወፎቹ እግራቸውን ዘርግተው ወረዱ፤ በደረቀው ገለባ ላይ ሦስት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ ተመልሰው ከፍ አሉና ወደ ሐይቁ አቀኑ።

በነጋታው አገኘሁሽ ደወለች። «ስንት አረፉ፣ አቶ አንለይ?»

«አንድም።»

«አልመጡም እንዴ?»

«መጥተዋል። የሚያርፉበትን ውኃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሩዝ ይዝራበት ብዬ፣ በገዛ እጄ።»

መምህርቷ «ልጅዎ ጥሩ ምርት አገኘ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለዓመት ይበቃዋል።»

«እንግዲህ እሱም አንድ ነገር ነው» አለች፤ ድምጿ ግን ሰለለ።

ጥር ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ወፎቹ ሐይቁ ዳር እንደሚያድሩ ነገራቸው። ለማንም ሳይናገሩ ግማሽ ቀን ተጉዘው ሄዱ። ሐይቁ ዳር የበቀለው ረጅም ደንገል ጋርዷቸው አንዷንም አላዩም፤ ከማዶ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ጥቂት ቁጭ ብለው ሰምተው ተመለሱ።

ሰውመሆን መንገድ ላይ ሲጠብቃቸው ነበር።

«የት ሄደው ነው?»

«ሐይቁ ድረስ።»

ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። በትራቸውን ተቀበላቸውና ጎን ለጎን ወደ ቤት አቀኑ።