የእናቴ ተልባና የዳፈንኩት ፍም

ልጅ ሳለሁ እናቴን ወባ የያዛት ይመስለኝ ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን ጎረቤቱም እንደዚያ ነበር የሚያስበው፤ ያኔ ናዝሬት ውስጥ አንድ ሰው ድንገት ፊቱ ቀልቶ ካላበውና ወዲያው ደግሞ ከበረደው፣ ከወባ ሌላ ነገር የሚጠረጥር አልነበረም። ክሊኒክ ሄዳ ደሟ ተመረመረ፤ ወባ የለብሽም ተባለች። ለማንኛውም ተብሎ ግን ኪኒን ተሰጣት። ኪኒኑ ጆሮዋን አስጮኸባት እንጂ ሙቀቱን ንቅንቅ አላደረገውም። ቀጥሎ ጥፋቱ በከተማው ላይ ተላከከ። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ነበረችና «ይኼ ቆላ ነው የሚያነደኝ» ትል ጀመር፤ ያን ሁሉ ዓመት ስትኖርበት ግን አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም። አሁን ሳስበው ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ ሶደሬ ፍል ውሃ ብትዘፈዘፍ እንደሚሻላት መከረቻትና ሄዳ በርበሬ መስላ ተመለሰች።

አባቴ ከመቂ ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከነመኪናው ለዘመቻ ተወሰደና እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ከእኔ በኋላ ያረገዘቻቸው አልጸኑላትም ነበር። አባቴ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ «ስመለስ ለዚች ልጅ ወንድም እንፈልግላታለን» አላት። የእናቴ ተስፋ ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሕፃንነት ልብሶቼን አጥባና አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር፤ የወለደች ጎረቤት እንድትሰጣት ስትጠይቃት «ገና ይፈለጋሉ» ትላለች።

ሰዓት እላፊው ሲቃረብ የግቢያችን በር ይቆለፋል፤ መንገዱም ጭር ይላል። ያን ጊዜ እትዬ ዘይነባ፣ «በአንድ ኩራዝ መብራት ሲቻል ለምን ሁለት ይነዳል?» እያሉ ወደ ማድቤታችን ይመጣሉ። ከወሎ የመጡ፣ ገበያ ላይ ተልባና ቅመም የሚቸረችሩ፣ ከእኛ አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ ፊታችንን እያሞቀ፣ የኩራዟ ጥላ ግድግዳው ላይ እየተርገበገበ፣ እኔ ጉልበታቸው ላይ ተደግፌ ተረት እሰማለሁ። እናቴ ግን ከምድጃው ርቃ በሩ ጋ ነበር የምትቀመጠው። እትዬ ዘይነባ ነገሩን ያወቁት ከአቀማመጧ ይመስለኛል።

«የሺዬ፣ ይኼ እኮ ወባ አይደለም» አሏት አንድ ምሽት። «አብሽሪ፤ በሽታም አይደል።»

ከዚያ እኔን አዩኝና ነገሩን አቋረጡት። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ፊት አይነሳም፤ እውነቱን ለመናገር ልጅ በሌለበትም አይነሳም ነበር። ስለዚህ በተረት ተናገሩት። እንደ ወትሯቸው «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» አላሰኙኝም፤ ፍሙን እያዩ ዝም ብለው ጀመሩ።

እሳት በአንዲት ሴት ቤት በእንግድነት ገባ አሉ። ወጧን እያበሰለ፣ ልጆቿን እያሞቀ ብዙ ዘመን አብሯት ኖረ። መሄጃው ሲደርስ፣ ደግ እንግዳ ሳይሰናበት አይወጣምና በየጓዳው እየዞረ ይሰናበት ጀመር። ሴትዮዋ ግን በገባበት ሁሉ ነበልባሉን ስታይ ቤቴ ተቃጠለ ብላ ውሃ ይዛ ትሮጣለች። በመጨረሻ እሳቱ፣ «አትሩጪብኝ፤ ላቃጥልሽ አይደለም፤ ልሰናበትሽ ነው» አላት።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጥላ ነበር። ግንባሯ ላይ ላቡ ያበራል። «ባለቤቱ ሳይመጣ ነው የሚሄደው፣ እትዬ ዘይነባ?» አለች።

«እንግዳ በራሱ ቀን ነው የሚሄድ፣ የኔ ልጅ።»

«አባወራውን ይጠብቃል ብዬ ነበር እኮ።»

አለቀሰች። እትዬ ዘይነባ ሲናገሩ ሁልጊዜ እጃቸውን እሳት ላይ የሚዘረጉ ብርዳም ሴት ነበሩ፤ ያን ምሽት ግን የሚቀመጡባትን ዱካ ይዘው ከምድጃው ተነሱና በሩ ጋ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ተልባ ይዘው መጡ። አመስ አድርገው ወቀጡት፤ በውሃ በጥብጠው አጠለሉት፤ ጥቂት ማር ጨምረው እንስራው ጥግ እንዲቀዘቅዝ አኖሩት። በርበሬውን ቀንሺ፣ ከሰዓት በኋላ ቡናውን ተይው፣ ሲመጣብሽ አንገትሽ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጊና ጸጥ በይ አሏት። «ያድናል?» ብላ ስትጠይቃቸው «ማዳኑን እንጃ፤ ለጊዜው ያበርድ ይሆናል» አሉ። አንዳንድ ቀን አበረደላት፤ አንዳንድ ቀንም አላበረደላትም።

እኔ ከዚያ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ እሳታችን አባቴ ሳይመጣ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ራት ከተበላ በኋላ ፍሙን በአመድ መዳፈን ሥራዬ አደረግሁት። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጌ ቀይ ሆኖ ሳገኘው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴ ታየኝ ነበር፤ ተይ አላለችኝም። አንድ ጠዋት ግን እኔ ፍሙን እፍ ስል፣ እሷ ሣጥኑን ከፍታ ልብሶቼን በሙሉ ለጎረቤት ሰጠች።

አባቴ ከሁለት ክረምት በኋላ ያለ መኪናው ከስቶ ጠቁሮ መጣ። እግሩን ታጥቦ ሳያበቃ እጁን ይዤ ማድቤት አስገባሁትና አመዱን ገለጥኩለት።

«አባባ፣ እሳቱ አልሄደም፤ ጠብቄልሃለሁ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ራሴን ዳበሰኝና ቀና ብሎ እናቴን አያት። እናቴ ለራሷ የቀዳችውን ተልባ አቀበለችውና ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። ስለ ወንድም ከዚያ በኋላ በቤታችን የተናገረ የለም።

አሁን እኔ እሷ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ሐኪሜ «ማረጥ ነው» ብላ የነገሩን ስም ያለ ምንም ተረት በግልጽ ነገረችኝ፤ ጥሩ ነው፣ ወባ መስሎኝ አልተሠቃየሁም። ተልባውንም እጠጣለሁ፤ ማዳኑን እኔም እንጃ። እናትና አባቴ አልፈዋል፤ እትዬ ዘይነባ ዘመድ ሊጠይቁ ወሎ እንደሄዱ ቀሩ። «እማማን እንዲህ ያደርጋት ነበር፣ ታስታውሳለህ?» ብዬ የምደውልለት ወንድም የለኝም፤ ከሙቀቱ ይልቅ የሚከብደኝ ይኼ ነው። የማበስለው በኤሌክትሪክ ስለሆነ የሚዳፈን ፍምም የለም። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲነሳብኝ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። ሳላስበው ወደ አንድ ወገን ጠጋ ብዬ፣ ለአንድ ዱካ የሚበቃ ቦታ እተዋለሁ።