በአሰብ መንገድ ላይ ያየነው ባሕር

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ድል የለበትም፤ ሳስታውሰውም አንገቴን እደፋለሁ። ዘንድሮ በአርባ ስድስት ዓመቴ ኮሌጅ ገብቻለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» ትለናለች። እንደዚያው ለማድረግ እሞክራለሁ።

የምጽፈው ሕይወት ስለጠየቀችኝ ነው። ሕይወት የጦር ሜዳ ጓዴ የአሥር አለቃ ሙሉነህ ልጅ ናት፤ እንደ እኔ በስደት በምንኖርባት ከተማ ኤርፖርት ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ከፎርት ስኔሊንግ ወደ ሰፈሯ ፍሮግታውን፣ ወደ ቤቷ በመኪናዬ ሳደርሳት እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ልጄን ውቅያኖስ ላሳየው ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ። አያትህ ከመሞቱ በፊት ያየው ይሄንን ነው እለዋለሁ። አይቶታል አይደል?»

መንገዱን እያየሁ መንዳቴን ቀጠልኩ።

በ1992 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ በአሰብ መንገድ፣ በቡሬ ግንባር ዘምተን ነበር። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ከአስፋልቱ በስተግራ ያለችውን ጉብታ በሌሊት ያዙ፤ ሻለቃ ጦሩ እስኪያልፍ ራሳችሁን አታሳዩ።

ሁላችንም የደጋ ልጆች ነበርን። ባሕር አየሁ የሚል ሙሉነህ ብቻ ነበር። ከውትድርና በፊት የከባድ መኪና ረዳት ስለነበር ምሽግ ውስጥ መንገዱን እንደ ዳዊት ይደግምልናል፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ ከዚያ አሰብ።

«አስፋልቱ ሲያልቅ ባሕሩ እግርህ ሥር ነው» ይለን ነበር።

«ዓሣውም ወጥቶ ሻንጣህን ይቀበልሃል በለና!» ይለዋል ካሳ፣ የጎጃሙ ልጅ። እንስቃለን። ግን አምነነው ነበር።

ጉብታዋን ያለ ተኩስ ያዝን። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲነጋ በስተምሥራቅ ሰፊ ነገር አብለጨለጨ።

«አሥር አለቃ፣ ያ ባሕሩ ነው?» አለ ካሳ።

ሙሉነህ አተኩሮ ተመለከተ። ሁላችንም አፉን እናያለን።

«ነው» አለ።

ተነሣን። ማን እንደቀደመ አላውቅም፤ እኔም ቆሜ ነበር። ካሳ ቆቡን አውልቆ ጮኸ። ከማዶ መትረየስ ተከፈተ። ሁለት ጓዶች ወደቁ፤ ካሳም ተመታ። ሙሉነህ «ተኙ! ተኙ!» እያለ በቀበቶው ሊጎትተው ብድግ ሲል ጥይት ደረቱን አገኘው።

አጠገቤ ወደቀ። «አሰብ ደርሼ አላውቅም» አለኝ። «የእኛ መኪና ሚሌ አራግፎ ነበር የሚመለሰው። የቀረውን ከሾፌሮች ነው የሰማሁት።» ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ውሃው ጠፋ። የጨው ሜዳ ነበር።

አዛዣችን ለምን እንደተነሣን ሲጠይቀን «ልናጠቃ» አልን። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን አልተናገረም። ነፍሰ ጡር ለነበረችው ለሙሉነህ ሚስት የደረሳትም «ባሕሩን እያየ፣ ወደፊት እየሮጠ ወደቀ» የሚለው ቃል ነው።

ሙሉነህን፣ ካሳንና ሌሎች ሁለት ጓዶችን ከመንገዱ ዳር ቀበርን። አራት ሰው። ሙሉነህ ስለዋሸን አላፍርበትም። የማፍረው እሱ ከሞተ በኋላ እኛ በዋሸነው ነው፤ የእሱ ውሸት ባሕር ለማየት ከመጓጓት የመጣ ነበር፣ የእኛ ግን ከፍርሃት።

ሕይወት፣ አባትሽ ባሕሩን አላየውም። ያን ሁሉ ዓይን እያየ «አይደለም» ማለት አቃተው፤ ከዚያም ካሳን ለማዳን ተነሣ። ልጅሽን ውሰጂው። «አያትህ ይህን ለማየት ይመኝ ነበር» በይው። ከእንግዲህ ከእኔ ሰማሁ የምትይው ይህ እውነት ብቻ ይሁን።

ጦርነቱ በውል ያበቃው ከዚያ ጧት ስድስት ወር ያህል በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።