ለሥዕሉ የተሰጠው ቁርበት

ወዳጄ፣ ጎረቤቴ ዛሬ ቁርበት ነክራ ነበር። የረጠበው ጠጉር ሽታ በበሩ ሲገባ ልጆቼን ጠርቼ በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ገና አሁን መብላታቸውን አውቃለሁ፤ ግን ያ ሽታ ሲመጣ ሳልጠይቅ አልቀርም።

አባቴ ሠዓሊ ነበር። አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው ደብራችን ግድግዳ ላይ ማርያምን ከነልጇ እንዲሥል ታዞ ነበር። ቀለሙን ከቀይ አፈር፣ ከከሰል፣ ነጋዴዎች በቆላው መንገድ ከሚያመጡት ሰማያዊ ዱቄት ያዘጋጃል። ቀለሙን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ግን ሙጫ ነው፤ ሙጫውም የሚወጣው ከተቀቀለ የበሬ ቁርበት ነው። ድስቱ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ያገባኸኝ ለዚህ ሽታ ነው?» እያለች ትስቅ ነበር።

ከዚያ ከብቱ በበሽታ አለቀ። ጭጋጉ ሲገለጥ ከገደሉ ሥር የወደቁት በሬዎች ይታዩን ነበር። የሚያርስ ስለጠፋ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ገብስም ከገበያ ጠፋ። እናቴ የምንተኛበትን ቁርበት ሳይቀር ጠጉሩን ለብልባ፣ ቀቅላ አበላችን። ትንሹ ወንድሜ ጡት አልጣለም ነበር፤ የእናቴ ጡት ግን ደርቋል። አንቺም ወልደሻልና ታውቂዋለሽ፤ ልጅ እያለቀሰ ሳለ ተስፋ አለ። አንድ ቀን ወንድሜ ማልቀሱን ተወ።

በዚያው ሰሞን የደብሩ አለቃ ከዕቃ ቤት አንድ ቁርበት አውጥተው ለአባቴ ሰጡት። «ያለን ይኸው ነው፤ ለሙጫ አድርገው። ሕዝቡ በሥዕሏ ፊት ቆሞ ይለምን» አሉት። አባቴ ነከረው፣ ቆራረጠው፣ ድስቱን ጣደ።

እናቴ ወንድሜን ታቅፋ ከምድጃው ዳር ተቀመጠች።

«ለሱ ቅዳለት» አለችው።

«የማርያም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አደራ ነው እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«ማርያምም ልጅ አላት» አለች እናቴ።

አባቴ ድስቱን እያማሰለ ቆየ። ከዚያ ሽክናውን አነሣና ከመረቁ ቀዳ፤ እፍ እፍ ብሎ አበረደው። ጣቱን እየነከረ ወንድሜን አጠጣው። ወንድሜም ጣቱን ግጥም አድርጎ ይዞ መጠመጠው። የቀረውን ለእኛ አከፋፈለን። ለሙጫ የተረፈ አልነበረም።

መረቁ ወንድሜን ጥቂት አቆየው እንጂ አላዳነውም። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።

አባቴ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ቀለሙን በቁልቋል ወተት በጠበጠው። ከዚያ በፊት የሚሥላቸው ሕፃናት ሁሉ ጉንጫቸው ሙሉ፣ እጃቸው ድቡልቡል ነበር። በማርያም እቅፍ ውስጥ የሣለው ልጅ ግን ዓይኑ ብቻ ጎልቶ፣ እጁ ቀጠነ። አለቃው መጥተው አዩት።

«ምነው፣ የጌታችንን እጅ የጽድ ጭራሮ አስመሰልኸው?»

«አባታችን፣ እጄ ሌላ አልሠራም አለኝ።»

ስለ ሙጫው አልጠየቁትም። ያውቁ ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ ቆሙና ሄዱ።

የቁልቋሉ ወተት ቀለሙን አልያዘውም። በየክረምቱ ርጥበቱ ሥዕሉን ይልጠው ጀመር፤ መጀመሪያ የረገፈው ልጁ ነው። ማርያም ባዶ ግድግዳ ታቅፋ ቀረች። እናቴ ልትሳለም ስትገባ በዚያ በኩል አታልፍም ነበር።

ዓመታት አልፈው ከብቱ ዳግመኛ ሲረባ፣ አለቃው ሥዕሉ እንዲታደስ አዘዙ። አባቴ ወፍራም ሙጫ አፍልቶ መሰላሉን አቆመ። እናቴ ማንም ሳይጠራት መጣች፤ እኔም ተከተልኋት። መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችለት። አባቴ የልጁን ፊት በከሰል ነደፈና ቁልቁል አያት።

«ጉንጩን እንዴት ላድርገው?»

«ሙላው።»

ሞላው። እጁንም ሞላው። እናቴ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ትንሽ ጨምርለት» አለች።

አባቴም ጨመረለት።