አሕመድኑር ያልጠጣው የወፍ መድኃኒት

አሕመድኑር መካነ ሰላም ገበያ ዳር የበግ ቆዳ ይገዛል፤ ጨው ነስንሶ አድርቆ ለደሴ ነጋዴ ይሸጣል። ቀድሞ ወር በገባ ቁጥር አቀስታ ገበያ ይሄድና አንዳንዴ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። «ምነው፣ የደጋ በግ ቆዳውን ለብሶ አመለጠህ?» እያሉ ገበያተኞቹ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን ይሄድ የነበረው ለኤችአይቪ መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ እዚሁም ይሰጣል፤ ሰው እንዳያየው ፈርቶ ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሀሊማ እንኳ አታውቅም ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱም ተነፋ። አቀስታ ያለችው ነርስ አየችውና፣ «ጉበትህን ነው። ደሴ ሄደህ ደምህ ይመርመር። እስከዚያ ቅጠላ ቅጠል እንዳትጠጣ፤ ክኒንህንም እንዳታቋርጥ» አለችው።

ቤት ሲገባ ሀሊማ ከወግዲ ያስመጣችውን ሥር በጣሳ በጥብጣ ጠበቀችው።

«ጠጣ። የወፍ በሽታ ነው፤ አገር አይቶታል።»

«ደሴ እሄዳለሁ፣ እትዬ።»

«ሊወጉህ? የወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከነካው ውሎ አያድርም! የፈንታዬን ባል ረሳኸው?»

«እሱን መርፌ አልገደለውም።»

«ቆዳ ነጋዴ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው? ጠጣ ብያለሁ! ሥሩን የላኩት አዋቂ ሌላ መድኃኒት ካልቀላቀለ ይድናል ብለዋል።»

ጣሳውን ተቀበላት። ካልጠጣ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ከተናገረ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን የደበቀው ነገር ይወጣል። ጣሳውን መሬት አስቀመጠው።

«እየቀላቀልኩ ነው፣ እትዬ። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ክኒን እውጣለሁ።»

ሀሊማ ምን ክኒን ብላ አልጠየቀችም። በበሽታ የመነመነውን የሚስቱን አስከሬን ያጠበችው እሷ ነበረች። ጣሳውን አንስታ ጓሮ ደፋችው። ጎረቤቷ በአጥር በኩል «ጠጣልሽ?» ስትላት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠጣ» አለች።

ደሴ ሄደው ደሙ ሲቀዳ እጁን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እዚያው የሚሞትባት መስሏት ዱዓዋን አላቋረጠችም።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ «ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስም አለበት» አሉ። «ከኤችአይቪ ጋር ሲገናኝ ጉበትን ቶሎ ይጎዳል። የሱም ጠባሳ ይዟል።»

«ከየት መጣበት?» አለች ሀሊማ።

«በደም ነው የሚተላለፈው። ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በልጅነቱ ብዙ ሰው በተወጋበት መርፌ ተወግቶ ይሆናል።»

ሀሊማ ትዝ አላት። ኩፍኝ በገባበት ዓመት አንድ መርፌ በቆርቆሮ ይዞ በየቤቱ ልጅ እየወጋ የሚዞር ሰው ነበር።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች፤ «መርፌ ነው አላልኩም?»

አሕመድኑር ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን አመመውና በእጁ ደገፈው። ሐኪሙ ግን አልሳቁም። የሚያድን መድኃኒት ውጭ አገር እንደተገኘ፣ እኛ ዘንድ ግን ገና እንዳልደረሰ ነገሯቸው።

አሁን አቀስታ አይሄድም። ክኒኑን ከዚሁ ከመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ሀሊማም አብራው ትሄድና በሩ ላይ፣ ሰው በሚያያት ቦታ፣ ትቀመጣለች። የጤና ጣቢያውን ነርስ ሁልጊዜ «ያ መድኃኒት አልመጣም?» ትላታለች።

«ገና ነው፣ እማማ።»

ጠዋት ጠዋት ወንድሟን ደጅ ታወጣውና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ፀሐይ ታዞረዋለች። የዓይኑ ቢጫ አልለቀቀም።