የየሺ ጣቶች

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ እዚህ ወልድያ ከደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረና ጀሶ አሰሩላት። ወጣቱ ሐኪም ረጋ ብሎ ነገረን፤ «ጣቷ ከበረደ ወይም ከደነዘዘ፣ መድኃኒት ወስዳም ሕመሙ ከባሰባት፣ ይነጋል ይመሻል ሳትሉ አምጧት።» እኔ ሳምንቱን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቅሁም። ጣቷን ደጋግሜ ስነካ፣ «አያቴ፣ እንዳይጠፉ ነው የምትቆጥሪያቸው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያደግነው ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እናታችን ቀደም ብላ ስለሞተች ያሳደጉን አባባ ናቸው። ታናሼ የሺ ጨዋታዋ የሚጥም ልጅ ነበረች። አባባ ከገበያ ሲመለሱ ገና ከደጅ የሚጠሩት እሷን ነው። ውኃ የማቀርብላቸው እኔ፣ የምታስቃቸው እሷ። ከእኔ አስበልጠው እንደሚወዷት ማንም አልነገረኝም፤ ነጋሪም አላስፈለገኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥቅምት፣ ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ የሺ ወፍ ስትጠብቅ ከማማው ላይ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። አባባ አዝለው አመጧት። እኔን ያዘሉበትን ቀን አላስታውስም። ወጌሻው አያ ሙሄ መጥተው አጥንቱን ገጠሙና በቀርከሃ ደግፈው በጨርቅ ጠቀለሉት። ሊሄዱ ሲነሡ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ተማሪዋ፣ ነገ እብጠት አለው። ጣቷን እየነካሽ እይልኝ። ከቀዘቀዘ ወይም አልሰማ ካላት ቶሎ ላኪብኝ፤ መጥቼ አላላዋለሁ። እንግዲህ አደራ።»

በእኛ አገር የተሰበረ ሰው እንደ አራስ ነው የሚያዘው። ጎረቤቱ ቅቤና ማር ይዞ ገባ። ስታቃስት ሴቶቹ፣ «እሰይ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይሏታል። አባባ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው ሸንኮራ እየላጡ ያጎርሷታል። ልጣጩን የምጠርገው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ማሽላውን ሊጠብቁ ወረዱ። እኔም ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል የሺ ጠራችኝ።

«እትዬ፣ ጣቴ ደነዘዘ።»

«ሸንኮራው አልበቃሽም? ደግሞ ምን እንዲመጣልሽ ነው?»

«እውነቴን ነው። አያ ሙሄን ጥሪልኝ።»

ጣቶቿ አብጠው ገርጥተዋል። ስነካቸው እንደ እንስራ ሆድ ቀዝቅዘዋል። የመሃል ጣቷን በጥፍሬ አጥብቄ ቆነጠጥኩት። ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ አወቅሁ። ትንሽ ትቆይ፣ አልኩ በልቤ። ነጠላዋን እጇ ላይ ጎትቼ ሸፈንኩና ትምህርት ቤት ሄድኩ።

በዚያን ቀን ምን እንደተማርን አላውቅም። እኩለ ቀን ላይ መቀመጥ አቅቶኝ እየሮጥኩ ወደ ማሳው ሄድኩ። «አባባ፣ ይምጡ፤ እጇ በርዷል።» አያ ሙሄ ተጠርተው እስሩን ፈቱት። የእጇን መልክ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ከእኔ አልፏል። ሆስፒታል አድርሷት። ከመቼ ወዲህ ነው የማይሰማት?»

«አሁን ነው» አልኩ።

የሺ ከመደቡ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባባ በጭነት መኪና ሲሪንቃን አሳልፈው ወልድያ አደረሷት። እጇ ተረፈ፤ ሦስቱ ጣቶቿ ግን ተኮራምተው ቀሩ። ሐኪሙ «ጠዋት ብትመጣ ኖሮ» ማለቱን አባባ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔን ምንም አልጠየቁኝም። የሺ፣ «እትዬ ቀልድ መስሏት ነው» ብላ ታስባለች እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን ተጽናናሁ።

የልጅ ልጄ ጀሶ የተፈታ ዕለት ወደ መርሳ ወረድኩ። የሺ በግራ እጇ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«ያን ጠዋት ቀልድ መስሎኝ አልነበረም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስትቆነጥጪኝ እያየሁሽ ነበር።»

«ታዲያ ለአባባ ለምን አልተናገርሽም?»

«ይመቱሽ ነበራ» አለችና ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «በይ አግዥኝ፤ ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም።»

አባባ እሷን ለምን እንዳስበለጡ ያን ቀን ገባኝ። መቅናቴ ግን አልቀረልኝም።