ከባሕር የመጣው ቀይ ሣር

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ አጠገብ ባለው ሰፈራችን የዕፅ ነገር ከተነሣ ዳኛው እኔ ነበርሁ። ቀምሼ ያልለየሁት ቅጠል የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሁዳዴ አንድ ጠዋት ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን ይዘው ከወንዝ ተመለሱ። ውሃው ላይ ደም የመሰለ ሣር ተንሳፍፏል፤ ጣሊያን መርዝ ጥሎብናል አሉ። የደብሩ አለቃ እኔን አስጠርተው አብረን ወረድን። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆመ።

ከውሃው አውጥቼ አገላበጥሁት። ሥር የለው፣ አበባ የለው፣ ሲስቡት እንደ ጅማት ይለጠጣል።

«የኛ ወንዝ ዘር አይደለም» አልሁና አንድ ጉንጭ ሙሉ አኘክሁ። ጨው ጨው ይላል። ጥርሴ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚለውም ጨው ነው ብዬ ዋጥሁት። «የባሕር ሣር ነው፤ መርዝ የለበትም። ቅዱ።»

ይኸን ጊዜ ከጣሊያኖቹ ሠፈር አንድ ወጥ ሠሪ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ የአገር ሰው ወታደር፣ ድስት ሊያጥብ ወረደ።

«ልክ ነዎት» አለኝ። «ጣሊያኖች ባሕር ውስጥ ዛጎል ያረባሉ፤ ውስጡ ያለውን ሥጋ ሊበሉ ሲያመጡት ሣሩ ተጣብቆበት መጣ። እኔ ነኝ አጥቤ የጣልሁት። ለራሳቸው ባሕርም መጤ ነው ይላሉ፤ ከሌላ አገር ዛጎል ጋር ነው የገባ።»

ደረቴን ነፍቼ ወደ ሰዉ ዞርሁ። አለቃ ግን እጄ ላይ የቀረውን ሣር ጎንበስ ብለው እያዩ ነበር።

«ሣርነቱንስ አወቅኸው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኒህ ላዩ ላይ ያሉት ባለ እግር ትንንሾች ግን፣ በጾም ይበላሉ?»