አባቴና የስዊዘርላንድ ሀብት

አባቴ ከስዊዘርላንድ መጥቶ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ያለው አፓርታማችን ሲገባ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው። እናቴ እኔን አዝላ ከሱዳን ወደ ቶሮንቶ ስትመጣ እሱ በሌላ መንገድ አውሮፓ ገብቶ እዚያው ቀረ። እሷ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ እያነጠፈች አሳደገችኝ። እሱ በደወለ ቁጥር ባንክ ቤት እንደሚሠራ ይነግራት ነበር። እሷም ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቃት ሁሉ ይህንኑ ታወራለች፤ ቀና ብላ የምትናገረው ሌላ ነገር አልነበራትም።

በመጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እናቴ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ከአውሮፓ አንድ ትንሽ ሀብታም አገር መርጠን በምን እንደሚተዳደር እንድንጽፍ አዘዘችን። እኔ የአባቴን አገር መረጥኩ። ያን ቀን ከቲቪው ፊት ተነስቶ ወንበሩን ወደ እኔ ሲስብ ፊቱ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከድንጋይና ከበረዶ በቀር መሬታቸው ምንም የለውም፣ ሀብታቸው ጥንቃቄያቸው ነው አለኝ። ስለ ባንኮቹ፣ በወንዝ ዳር ስላሉት የመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ ስለ ሰዓትና ስለ ማሽን ሥራ፣ በበጋ ተራራ ስለሚወጡት ላሞችና ስለ ፎርማጆው፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ስለሚመጣው እንግዳ ነገረኝ። እሱ በአማርኛ ያወራል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ትልቅ ደወል ያንጠለጠለች ላምም ሳለልኝ። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ትሰማን ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረዋት የሚያስቀድሱ ሁለት የሥራ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ሻይ ቀርቦ ሁሉም ሲቀመጥ፣ ፕሮጀክቴን በአማርኛ እንዳነብላቸው አዘዘችኝ። አማርኛዬ ስብርብር ያለ ስለሆነ ቃል ሲጠፋኝ አባቴ ያቀብለኛል። ባንኮቹ ጋ ስደርስ በዕድሜ የገፉት ሴትዮ በአክብሮት ወደ እሱ ዞሩ።

“እርስዎ ባንኩ ውስጥ የትኛው ክፍል ነበር የሚሠሩት?”

ሊመልስ አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

“ባንኩን የሚያውቀው ከውጭ ነው። ስደተኛ መጠለያ ነበር፤ ሥራ ተከልክሎ፣ እያበሉ ያስተኙት ነበር። ፋብሪካውንም ላሙንም ያየው በአውቶቡስ መስኮት ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ቀጥይ እንጂ። ስለ ፎርማጆው አንብቢላቸው።”

አነበብኩ። ሴቶቹ ብርጭቋቸውን ያያሉ። መሀል ላይ እንደገና ቃል ጠፋኝና ቆምኩ። አባቴ አቀርቅሮ እንደተቀመጠ ቃሉን ቀስ ብሎ ነገረኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ፣ “ብቻችንን ስንሆን ብትሰድቢኝ ምን ነበረበት?” አላት።

“እኔን ያስዋሸኸኝ በሰው ፊት ነው” አለችው።

ፕሮጀክቱ ከክፍላችን አንደኛ ወጣ። አስተማሪዋ አባቴ መጥቶ ስለ አገሩ እንዲያወራልን ጠየቀች። ስነግረው፣ ሥራ ይበዛበታል በያት አለኝ። ያኔ ሥራ አልነበረውም። ክረምቱ ሲገባ ፕላስቲክ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ እናቴም ሳትጠየቅ፣ አሁን ሄዳችሁ ልታዩት የምትችሉት ሥራ አለው እያለች ለሰው ታወራ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላው “ባንከሩ” ይሉት ነበር። እሱም ሰምቷል፤ መሄዱን ተወ። ሃይስኩል እስክጨርስ ጠብቆ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። እናቴ እስከ ሊፍቱ እንኳ አልሸኘችውም።

ካደግሁ በኋላ፣ ያን እሁድ ተናደሽ አምልጦሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

“አላመለጠኝም” አለችኝ። “ጽፈሽ እስክትጨርሺ ነው የጠበቅኩት።”